784 ኪሎ ሜትር በአንድ ጠረጴዛ ላይ፦ የሞዴል ባቡር ሳይንስ

ሳይንስና ሞዴል ተነጣጥለው አያውቁም። የፊዚክስ መምህር አቶምን በክብና በነጥብ ሲሥል፣ መሐንዲስም ግድብን አሳንሶ በውኃ ገንዳ ውስጥ ሲፈትሽ የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። ሁለቱም ከእውነተኛው ነገር የትኛውን ባሕርይ እንደሚጠብቁና የትኛውን እንደሚተዉ መወሰን አለባቸው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ውሳኔ በሞዴል ባቡር አማካይነት እንመለከታለን። ለምሳሌነት የምንወስደውም ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋውን የቀድሞውን የምድር ባቡር መስመር ነው።

ሞዴል ባቡር የልጆች መጫወቻ ሆኖ ጀመረ። የጀርመኑ ማርክሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ልካቸው የተወሰነና እርስ በርስ የሚገጣጠሙ ሐዲዶችን ይዞ ቀረበ። በ1935 ደግሞ በአሜሪካ የሞዴል ባቡር ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ፤ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ፉርጎ በሌላው ፋብሪካ ሐዲድ ላይ እንዲሄድ የሚያስችሉ የመለኪያ ደረጃዎችንም አወጣ። ዛሬ በዓለም ትልቁ የሆነውና በ2001 በሐምቡርግ የተከፈተው «ሚኒያቱር ቩንደርላንድ» የዚህ ሥራ ፍሬ ነው።

ስኬልና የሐዲድ ስፋት

ስኬል የሚለውን ቃል ከካርታ ትምህርት እናውቀዋለን። በሞዴል ባቡር ዘንድ በስፋት የተለመደው ስኬል «ኤች ኦ» የሚባለው 1፡87 ነው፤ በእውነተኛው ባቡር ላይ 87 ሴንቲ ሜትር የሆነው በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። «ኤን» የሚባለው ስኬል ደግሞ 1፡160 ነው።

በአብዛኛው ዓለም በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው መደበኛ ርቀት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ87 ስናካፍል 16.5 ሚሊ ሜትር እናገኛለን፤ በየመደብሩ የሚሸጠው የ«ኤች ኦ» ሐዲድም ይኸው ነው። የቀድሞው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ግን ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነበር። 1000 ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለዚህ የሚቀርበው «ኤች ኦ ኤም» የተባለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ይህችን ስሕተት አውቀን እንቀበላታለን።

ሆኖም በ1፡120 ስኬል የሚሠራው «ቲ ቲ» የተባለው ሐዲድም 12 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ስፋቱ እኩል ቢሆንም ከሥሩ ያሉት አግዳሚዎች ለሌላ ስኬል የተሠሩ ስለሆኑ ቀጭንና የተቀራረቡ ናቸው። የእኛን ፉርጎ በላዩ ስናስቀምጠው ሐዲዱ ከባቡሩ ጋር እንደማይመጣጠን ወዲያው ይታያል። አንድ ቁጥር ትክክል ሆነ ማለት ሌሎቹም ትክክል ናቸው ማለት አይደለም።

መስመሩን ማሳጠር

የቀድሞው መስመር ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይህን ለ87 ብናካፍለው 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት የጠረጴዛችን አንዱ ጫፍ ከሌላው ከ26 ሜትር በላይ ከፍ ሊል ነው! ስለዚህ ሞዴል ሠሪ መስመሩን በሙሉ ለመሥራት አይነሣም፤ አንድ ቦታ ይመርጣል። ለምሳሌ የአዋሽን ጣቢያ ብንመርጥ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ጠረጴዛ 261 ሜትር መሬት ይወክልልናል። ጣቢያውን፣ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ሐዲዶችንና ጥቂት ግራሮችን ለማስቀመጥ ይህ ይበቃል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ኩርባው ነው። በእውነተኛው ዓለም 200 ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ጠባብ ነው፤ በእኛ ስኬል ግን 2.3 ሜትር ይሆናል። በጠረጴዛ ላይ የምንችለው አብዛኛውን ጊዜ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ታዲያ ፉርጎው በኩርባ ላይ ሲቆም መሐሉ ከሐዲዱ ወደ ውስጥ ይወጣል። መጠኑን በቀላል ቀመር ማስላት ይቻላል፦ የፊትና የኋላ መንኮራኩሮች ርቀት በራሱ ተባዝቶ ለስምንት እጥፍ ሬዲየስ ይካፈላል። ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መሐሉ 1.1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይወጣል፤ ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን 0.28 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉድለቱ በአራት እጥፍ መቀነሱን ልብ ይሏል። በጠባብ ቦታ ለሚሠራ ሰው አጫጭር ፉርጎዎች የሚመረጡበት ምክንያት ይህ ነው።

የዳገት ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። ተዳፋት የሁለት ርዝመቶች ንጽጽር ስለሆነ በስኬል አይቀንስም፤ በምድር ላይ 2.5 በመቶ የሆነ ዳገት በጠረጴዛም ላይ 2.5 በመቶ ነው። አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ 7.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያስፈልገን በዚህ ዳገት 3 ሜትር ሙሉ መጓዝ ይኖርብናል። ዳገቱን ከኮምፔንሳቶ፣ ኮረብታውን ከፎምና ከጄሶ ከመሥራታችን በፊት ይህን ማስላት ከብዙ ድካም ያድናል።

ፉርጎና ሎኮሞቲቭ መምረጥ

እውነተኛ የሚመስል ባቡር ለማቆም ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መመለስ ያስፈልጋል፦ የት? መቼ? ምን ሊሠራ?

«የት» የሚለው ጥያቄ የሐዲዱን ስፋት ይወስናል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መደበኛው 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የእርሱ ሎኮሞቲቭ በቀድሞው ሐዲድ ላይ ፈጽሞ ሊሄድ አይችልም። ሁለቱን በአንድ ሐዲድ ላይ ያቆመ ሞዴል፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሐሰት ነው።

«መቼ» የሚለው ዘመኑን ይለያል። የመስመሩ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የሚጎትተው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፊያት ሥራ የሆኑት ሊቶሪናዎች ገቡ፤ በ1950ዎቹም የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንፋሎቱን ተኩ። ስለዚህ የ1920ዎቹን ለገሐር የሚሠራ ሰው ሊቶሪናን በጣቢያው ሊያቆም አይችልም።

«ምን ሊሠራ» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ ሕይወት የሚሰጠው እርሱ ነው። ባቡር የሚሄደው ምክንያት ስላለው ነው። ቡናና ቆዳ ወደ ወደብ ይወርዳሉ፤ የፋብሪካ ሸቀጥ ወደ መሐል አገር ይወጣል። እንግዲህ ባቡራችን ከሚያብረቀርቁ የመንገደኛ ፉርጎዎች ይልቅ ዝግና ክፍት የጭነት ፉርጎዎች ይበዙበታል፤ ቀለማቸውም በፀሐይ የደበዘዘ፣ ግርጌያቸው የበረሃ አቧራ የለበሰ ይሆናል።

የማይቀንሰው ስበት

ርዝመት በ87 ሲቀንስ ስፋት በ7,569፣ ይዘት ደግሞ ከ658,000 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። 12 ሜትር ርዝመትና ከነጭነቱ 30 ቶን ክብደት ያለው ፉርጎ አለን እንበል። በሞዴል ርዝመቱ 13.8 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 46 ግራም ያህል ይሆናል ማለት ነው። ይህን ያህል ቀላል ፉርጎ ግን በመገጣጠሚያዎች ላይ እየዘለለ ከሐዲድ ይወጣል። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ ማኅበር ለዚህ ርዝመት የሚመክረው ክብደት 105 ግራም ገደማ ነው። በመልክ ታማኝ ለመሆን በክብደት ከስኬሉ መውጣት ግድ ይላል።

ፍጥነትን እንመልከት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እውነተኛ ባቡር በዚህ ፍጥነት በሜዳ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ፍሬን ካልያዘው በርካታ ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል። በሞዴሉ ላይ የሰበቃው ኃይል የክብደቱ 2 በመቶ ነው ብንል በ9 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ ይህም አንድ ሙሉ ባቡር በ8 ሜትር ውስጥ ቀጥ አለ እንደማለት ነው። ይህን ለማረም በሞዴሉ ሞተር ዘንግ ላይ ትንሽ ከባድ መንኮራኩር ይገጠማል፤ ጉልበት አጠራቅሞ ባቡሩ በዝግታ እንዲቆም ያደርጋል። መወዛወዝም እንዲሁ ነው፤ በ87 እጥፍ ያጠረ ፔንዱለም 9.3 እጥፍ ፈጥኖ ይወዛወዛል። ሞዴል ፉርጎዎች የሚንቀጠቀጡ የሚመስሉት የመሬት ስበት ከእነርሱ ጋር ስላላነሰ ነው።

ከሐዲድ ወደ ኮምፒዩተር

በቀድሞው ዘዴ ሐዲዱ እስከ 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሰጠው ነበር፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ሎኮሞቲቮች ሁሉ በአንድነት ይሄዳሉ፣ በአንድነት ይቆማሉ። ለየብቻ ለመቆጣጠር መስመሩን በብዙ ክፍሎች መቁረጥና ማብሪያ ማጥፊያዎችን መደርደር ያስፈልግ ነበር። በዲጂታሉ ዘዴ ግን ኃይሉ ሁልጊዜ በሐዲዱ ላይ አለ፤ ትእዛዙ በዚያው በኤሌክትሪኩ ውስጥ በ0 እና በ1 ተጽፎ ይላካል፤ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭም የራሱን አድራሻ ሲሰማ ብቻ ይታዘዛል።

የሞዴል ባቡር ክበብ የቁጥጥር ሳይንስ ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳ ታሪክም አለ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1946 ተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ አቋቋሙ። መስመራቸውን የሚቆጣጠሩት ከስልክ ማዞሪያ በወጡ ዕቃዎች ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ያንኑ ፍላጎት ይዘው ወደ ተቋሙ ኮምፒዩተሮች ተሻገሩ፤ በ1962 የተሠራው «ስፔስዎር» የተባለው ቀደምት የኮምፒዩተር ጨዋታም ከእነዚሁ ወጣቶች እጅ የወጣ ነው።

መለኪያና እርሳስ

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ ልኬት ነው። አንድን ፉርጎ በ1፡87 ለመሥራት ርዝመቱን፣ የበሩን ስፋት፣ የመንኮራኩሩን ዲያሜትርና የመንኮራኩሮቹን ርቀት ማወቅ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው የቀድሞው መስመር በ2000ዎቹ መጨረሻ አገልግሎቱን አቁሟል። አገልግሎት ያቆመ ብረት ደግሞ ዝገት ይበላዋል፣ አለዚያም ተቆርጦ ይቀልጣል። ፎቶግራፍ መልኩን ያቆይልናል፤ ልኩን ግን ሙሉ በሙሉ አይነግረንም።

ስለዚህ ሞዴል ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ ውድ ዕቃ ከማፈላለጉ በፊት ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ከሚመለከታቸው ፈቃድ ጠይቆ፣ አንድ ፉርጎ ይለካ። ሥዕሉን በ1፡87 ካርቶን ላይ ያውርድ፤ ይቁረጥ፤ ያጣብቅ። የሠራው ሞዴል ቢሰበር እንኳ የለካው ሥዕል ለሚቀጥለው ሠሪ ይቀራል፤ ፉርጎው ራሱ በማይኖርበት ቀንም እንደገና ሊሠራ የሚችለው በዚያ ሥዕል ነው።