ጋርቤጅ፣ ትራሽ፣ ሊተር፣ ጀንክ፦ ሁሉም «ቆሻሻ» ናቸው?

ጋርቤጅ፣ ትራሽ፣ ሊተር፣ ዌስት፣ ጀንክ። እነዚህ የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ምን ማለት ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው ለሁሉም አንድ መልስ ይሰጣችኋል፦ ቆሻሻ። ለዕለት ተዕለት ወሬ ይሄ ብዙም ችግር የለውም። ሳይንስ ስታነቡ ግን ጣጣ አለው፤ እንዲያውም ስለ ራሳችሁ ሰውነት የተሳሳተ ነገር ሊያስተምራችሁ ይችላል። እስቲ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?

ጋርቤጅ መነሻው ማዕድ ቤት ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ዶሮ ወይም ሌላ እንስሳ ሲበለት የሚወጣውን የሆድ ዕቃ ያመለክት ነበር። ዛሬም በጥብቅ ትርጉሙ የሚበሰብሰው እርጥብ ነገር ነው፦ የድንች ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍራፊ፣ የቡና አተላ። ትራሽ ደግሞ ደረቁ ነው፦ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ጣሳ። አሜሪካውያን በወሬያቸው ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል፤ እንግሊዞች ደግሞ ለሁሉም ረቢሽ ማለት ይቀናቸዋል።

ልዩነቱን በግልጽ ካስቀመጡት አንዱ አርኪዮሎጂስቱ ዊልያም ራትጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በጀመረው ፕሮጀክት ሰዎች የጣሉትን ነገር እየለየና እየመዘነ ያጠና ነበር። በኋላም ቡድኑ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎችን ሲቆፍር፣ ከተቀበሩ አሥርት ዓመታት ያለፏቸው ግን አሁንም የሚነበቡ ጋዜጦች አገኘ።

እርጥቡን ከደረቁ መለየት ለምን ይጠቅማል? የድንች ልጣጭ አየር እያገኘ ሲበሰብስ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። አየር በሌለበት ሲቀበር ግን ረቂቅ ተሕዋስያን ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጩበታል፤ ይህ ጋዝ ምድርን ያሞቃል። ካርቶን እንደገና ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ወጥ ከፈሰሰበት ግን ተበላሸ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች «ደረቅ ቆሻሻ» ሲሉ ፈሳሽ ያልሆነውን ሁሉ ማለታቸው ነው፤ የድንች ልጣጩም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ትራሽን «ደረቅ ቆሻሻ» ብሎ መተርጎምም ሊያሳስት ይችላል።

የት ወደቀ?

ሊተር (የፈሳሽ መለኪያውን ማለታችን አይደለም!) የሚጠይቀው ስለ ቦታ ነው። ቃሉ ጥንት አልጋ ማለት ነበር፤ ቀጥሎ ለከብት መኝታ የሚነጠፈው ጭድ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ጭዱ ተበታትኖ የወደቀ ነገር ሁሉ። ባዶ ሃይላንድ ቅርጫት ውስጥ ከገባ ትራሽ ነው፤ መንገድ ላይ ከተጣለ ሊተር ነው። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ደግሞ ከዛፍ ረግፎ መሬት ላይ የተነጠፈውን ቅጠል ሊተር ይሉታል። ይሄን «የጫካ ቆሻሻ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ጉድ ነው፤ ምክንያቱም የአፈሩ ምግብ እሱ ነው።

ባከነ ወይስ ቆሸሸ?

ዌስት ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ ባዶ፣ ወና የሚል ትርጉም ነበረው። ለአማርኛው «ብክነት» የሚቀርበው ለዚህ ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፤ ይህም በእንግሊዝኛ ዌስት ይባላል። ሙቀቱ ቆሻሻ አይደለም፤ የባከነ ነው።

ተጣለ ወይስ ተቀመጠ?

አሁን ወደ ጀንክ እንምጣ። ጀንክ መጀመሪያ የመርከበኞች ቃል ነበር፤ ያረጀ ገመድ ማለት ነው። መርከበኞች ያረጀውን ገመድ ወዲያው አይጥሉትም፤ እየፈቱ ለሌላ ሥራ ያውሉታል። በእኛ ሰፈር የጀንክ ባለሙያ ማን ነው? ቁራሌው! አልጋ ሥር የተቀመጠው የተሰበረ ሬዲዮ፣ ያረጀ ጫማ፣ የዛገ ብረት... አይጠቅምም፣ ግን አልተጣለም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የሥነ ዘር ተመራማሪው ሱሱሙ ኦኖ በዲኤንኤያችን ውስጥ ብዙ «ጀንክ» አለ ብሎ ጻፈ። ከሰው ልጅ ሦስት ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ «ፊደላት» ውስጥ፣ ፕሮቲን ለመሥራት መመሪያ የሚሆኑት 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም። የተቀረው ግን ሁሉ ጀንክ ነው ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ ጂኖች መቼና የት እንደሚሠሩ የሚቆጣጠሩ ክፍሎች እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ከቀረው ምን ያህሉ ሥራ እንዳለው ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የኖቤል ተሸላሚው ሲድኒ ብሬነር ቃሉን በሚገባ አብራርቶታል፦ የምንጥለው ጋርቤጅ፣ የምናስቀምጠው ጀንክ ነው። ትርፉ ዲኤንኤ ጎጂ ቢሆን ኖሮ የተፈጥሮ ምርጫ ጠርጎ ባስወገደው ነበር። ብዙም ስለማይጎዳ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ አብሮን ይተላለፋል። አንዳንዴም ልክ እንደ አሮጌው ገመድ፣ ከዚያ ክምችት ውስጥ አንዱ ቁራጭ አዲስ ሥራ ያገኛል።

«ቆሻሻ ዲኤንኤ» የሚለው ትርጉም ይህን ሁሉ ይደብቃል፤ የቆሸሸና መወገድ ያለበት ነገር ያስመስለዋል። ስለዚህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? «ትርፍ ዲኤንኤ»? «ኮተት ዲኤንኤ»? ከመምረጣችሁ በፊት ቁራሌውን አስታውሱ።