የአያትን ዕውቀት ወደ መጪው ዘመን የወሰደች ደራሲ

አንዲት ከተማ ሐኪም ቤቷ ቢዘጋ፣ ገበያዋ ቢፈርስ፣ ፖሊሷም ትቷት ቢሄድ ነዋሪዎቿን ማን ያክማል? ናሎ ሆፕኪንሰን የመጀመሪያ ልብወለዷን የገነባችው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የጻፈችውም በሳይንሳዊ ልብወለድ ዘርፍ፣ ማለትም ገና ያልመጣን ዘመን ወይም ያልታየን ዓለም በምናብ በሚተርክ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት ነው።

ናሎ እ.ኤ.አ. በ1960 በጃማይካ መዲና ኪንግስተን ተወለደች። ልጅነቷን በጃማይካ፣ በጉያናና በትሪኒዳድ አሳልፋ፣ በ16 ዓመቷ ወደ ካናዳዋ ቶሮንቶ ተሻገረች።

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው «ብራውን ገርል ኢን ዘ ሪንግ» መቼቱ ይህችው ቶሮንቶ ናት፤ ዘመኑ ግን ገና የሚመጣ ነው። ምጣኔ ሀብቱ ወድቋል። ባለሀብቱም መንግሥትም የከተማዋን መሐል ለቀው ወጥተዋል። የቀሩት ድሆች ያላቸውን ዕቃ በዕቃ እየለወጡ፣ በወንበዴ አለቃ ጫና ሥር ይኖራሉ።

ግሮ ዣን የተባሉ አያት የሚኖሩት በቀድሞ የከተማ እርሻ ውስጥ ነው። የተማሩት ነርስነት ሲሆን፣ ዘመናዊውን ሕክምና ከካሪቢያን መድኃኒት ዕፅዋት ጋር አዋሕደው ሕሙማንን ይረዳሉ። የልጅ ልጃቸው ቲ ዣን ገና አራስ ናት። የአያቷን ጥበብ፣ በተለይም ከመናፍስት ጋር የተያያዘውን፣ ትፈራዋለች፤ ልትማረውም አትወድም። እኚህ አያት ሲያልፉ ዕውቀታቸው ምን ይሆናል? ታሪኩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ወንበዴውን የምትጋፈጠው ቲ ዣን ራሷ ናት፤ የሚያግዛትም ያን ጊዜ የሸሸችው የአያቷ ትምህርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ሚድናይት ሮበር» ደግሞ የካሪቢያን ሕዝቦች የሰፈሩባትን ሌላ ፕላኔት ያሳያል። በገዛ አባቷ ጥቃት የደረሰባት ታን ታን በካርኒቫል ጨዋታ የሚታወቀውን ወንበዴ ገጸ ባሕርይ ተላብሳ ድምፅዋን መልሳ ታገኛለች። ደራሲዋ ይህን የተረከችው በትሪኒዳድና በጃማይካ ክሪዮል ነው፤ የእናቶች የቤት ቋንቋ ስለ መጪው ዘመን ለመናገርም እንደሚበቃ አሳይታለች።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብወለድ ጸሐፍት ማኅበር ከፍተኛ ክብሩን፣ የዴመን ናይት ግራንድ ማስተር ሽልማትን፣ ሰጥቷታል። ይህን ክብር በማግኘት ከጥቁር ሴት ደራስያን የመጀመሪያዋ ናት።

ድርሰቶቿ የሴቶችን እኩልነት የሚያስረዱት በስብከት አይደለም። ቅጠል የምትለቅም፣ ልጅ የምታሳድግ፣ በሽተኛ የምታስታምም ሴት የያዘችው ሙያ አገር የሚቆምበት ዕውቀት መሆኑን በታሪክ ያሳያሉ። ይህ ዕውቀት ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካልተጠየቀ አብሮ ይቀበራል።