26ቱ ፈንጂዎች፦ የቻናካሌ ሰርጥ እንዴት ተጠበቀ?

በየዓመቱ መጋቢት ሲመጣ ስለ ቻናካሌ ድል የሚያወሱ ቪዲዮዎች በስልኮቻችን ይዘዋወራሉ። ብዙዎቹ የሚተርኩልን ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን የመድፍ ጥይት ብቻውን ተሸክሞ ስላጎረሰው ወታደር ስለ ሰይድ ነው። ጀግንነቱን አንነካም። ግን ሰርጡን የጠበቀው የአንድ ሰው ጀርባ ሳይሆን በደንብ የታሰበበት አሠራር ነው፤ እሱን እናንሳ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቻናካሌ ወይም ዳርዳኔልስ የኤጂያንን ባሕር ከማርማራ ባሕር የሚያገናኝ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሰርጥ ነው። እጅግ በጠበበበት ቦታ ስፋቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከማርማራ ወዲያ ኢስታንቡል፣ ከዚያም ጥቁር ባሕር አለ። ዑስማኒያዎች በ1914 መገባደጃ ሰርጡን ሲዘጉት የሩሲያ ስንዴ መውጫ፣ ከአጋሮቿ የሚላክላት መሣሪያ ደግሞ መግቢያ አጣ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሰርጡን በመርከብ ብቻ ሰብረው ኢስታንቡል ደጃፍ ለመድረስ ተነሱ። ሐሳቡን አጥብቆ የገፋው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ነበር።

መከላከያው እንዲህ ነው። የባሕር ፈንጂ በውስጡ አየር ስላለ መንሳፈፍ ይፈልጋል፤ ከታች ከባድ መልሕቅ በገመድ ስለሚይዘው ግን ከውኃው ወለል ዝቅ ብሎ ተሰውሮ ይቀመጣል። ከላዩ ላይ እርሳስ የተሠሩ ቀንዶች አሉት። መርከብ ቀንዱን ሲያጣምመው ውስጡ ያለው የአሲድ ብልቃጥ ይሰበርና ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ፈንጂው ይፈነዳል። ዑስማኒያዎች እነዚህን በሰርጡ ላይ አግድም በመስመር በመስመር ደረደሩ። በሁለቱም ዳርቻ ደግሞ መድፍና የሌሊት መብራት አቆሙ።

አሁን የአጥቂውን ችግር እንይ። ትልልቆቹ የጦር መርከቦች መድፎቹን ለማጥፋት መጠጋት አለባቸው፤ እንዳይጠጉ ፈንጂው አለ። ፈንጂው እንዲጠረግ ጠራጊ ጀልባዎች መግባት አለባቸው፤ እንዳይገቡ መድፉ አለ። ጠራጊዎቹ ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ነበሩ፤ ከማርማራ የሚወርደውን ኃይለኛ ጅረት እየተጋፉ በዝግታ ስለሚሄዱ ለተኳሽ የተመቹ ነበሩ። ፈንጂው መድፉን ይጠብቃል፣ መድፉም ፈንጂውን።

በዚህ ላይ ኑስረት የተባለች ትንሽ መርከብ መጣች (ስሟ ዐረብኛ ነው፤ መድረሳ የተማረ ትርጉሙን አያጣውም)። ዑስማኒያዎች የጠላት መርከቦች ተኩሰው ሲመለሱ ሁልጊዜ በእስያ በኩል ባለው የኤረንኮይ ባሕረ ሰላጤ እንደሚዞሩ ልብ ብለው ነበር። ማርች 8 ቀን 1915 ሊነጋጋ ሲል ኑስረት እዚያ 26 ፈንጂዎች ዘረጋች፤ እንደ ሌሎቹ አግድም ሳይሆን ከዳርቻው ጋር ትይዩ አድርጋ። ጠላት ይህን መስመር ሳያገኘው ቀረ።

ማርች 18 ትልቁ ጥቃት ተከፈተ። ከቀትር በኋላ የፈረንሳዩ ቡቬት ሲዞር ፈንጂ መታውና በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመ፤ ከ600 በላይ ሰዎች አብረውት ሄዱ። ቀጥሎ ኢሬዚስቲብልና ኦሽን የተባሉት የእንግሊዝ መርከቦች እዚያው አካባቢ ተመቱ፤ ሁለቱም ሰጠሙ። ሌሎች ሦስት ክፉኛ ተጎዱ። አድሚራል ደ ሮቤክ ወደ ኋላ ተመለሰ። ተወኩልን አስሮ መመካት ብለን የምንማረው ለእኛ እዚህ ላይ ይታየናል፤ ዱዓው ነበረ፣ የጠላትን መንገድ የቆጠረ ዐይንም ነበረ።

በባሕር ያልሆነው በእግረኛ ተሞከረ። ኤፕሪል 25 ጦር በጋሊፖሊ ልሳነ ምድር ወረደ። ከስምንት ወር በላይ ምሽግ ለምሽግ ከተፋጀ በኋላ በጃንዋሪ 1916 ሰርጡን ሳያገኝ ለቆ ወጣ። ከዑስማኒያ በኩል ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰው አልቋል፤ አላህ ይዘንላቸው።

ቪዲዮዎቹ እምብዛም የማይነኩት አንድ ነገር አለ። ዑስማኒያ በኖቬምበር 1914 የጂሃድ ጥሪ አውጃ ነበር፤ ግን ከቅኝ ግዛት የተመለመሉ ሙስሊሞች በተቃራኒው ወገንም ቆመው ነበር። ፈረንሳይ በእስያ በኩል ኩምካሌ ላይ ካወረደቻቸው መካከል የሴኔጋል ወታደሮች ነበሩበት። እንግሊዝም ከሕንድ ያመጣቻቸው 69ኛውና 89ኛው የፑንጃብ ሻለቆች ግማሽ ያህላቸው ሙስሊሞች ነበሩ። አዛዦቹ በቱርኮች ላይ መተኮሳቸውን ስለተጠራጠሩ በሜይ 1915 ሁለቱንም ሻለቆች ከጋሊፖሊ አንስተው ጀርመኖችን እንዲወጉ ወደ ፈረንሳይ ላኳቸው።