ከክፍሉ አየር ኦክስጅን የሚያወጣው ማሽን

ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሳንባ ምች የጸናበት ሕፃን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ሰፈሩ ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ደረቱ እየተሰረጎደ የሚያቃስት ከሆነ ነርሷ ጣቱ ላይ የደሙን ኦክስጅን መጠን የሚለካ ፐልስ ኦክሲሜትር ታደርጋለች። ንባቡ ከ90 በመቶ ከወረደ ሪፈር እስኪጻፍ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ሳይባል ኦክስጅን መጀመር አለበት።

ለዚህ ሰዓት ከሚደርሱት አንዱ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነው። ከወገብ የማያልፍ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ማሽን ነው። ሲሊንደር ሲያልቅ ተመልሶ መሞላት አለበት፤ ይህ ግን መብራት እስካለ ድረስ የክፍሉን አየር ስቦ ይሠራል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ኮምፕረሰሩ አየሩን አምቆ ዚዮላይት የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች ወዳሉበት ቱቦ ይገፋዋል። እንክብሎቹ ናይትሮጅኑን ይይዛሉ፣ ኦክስጅኑን ያሳልፋሉ። አንዱ ቱቦ ሲሞላ ሌላው ይተካዋል፤ የሞላውም ግፊቱ ተለቆለት ናይትሮጅኑን ያስወጣል። ደህና ማሽን በዚህ መንገድ ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ ኦክስጅን፣ እንደ ዓይነቱ በደቂቃ እስከ 5 ወይም 10 ሊትር ይሰጣል።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የአየሯ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ማሽኑ ተገዛም በእርዳታ መጣ፣ ለዚህ ከፍታ መሠራቱ መታየት አለበት። አቧራና የመብራት መዋዠቅም ይጎዱታል። የስፖንጅ ማጣሪያው በየሳምንቱ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ደርቆ ይመለሳል። የቱቦውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ማየት አየር መውጣቱን ብቻ ያሳያል፤ የኦክስጅኑን ንጽሕና ለማወቅ የኦክስጅን መለኪያ ያስፈልጋል።

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቅ የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ ማውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም መሣሪያ መግባቱ ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በ16 አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ አይቶ 38 በመቶው እንደማይሠራ አሳይቷል።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ የርክክብ ሰነድ ላይ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፦ መለዋወጫው ከየት ይገዛል? በየትኛው በጀት? ሲበላሽ የትኛው የባዮሜዲካል ባለሙያ ይመጣል? መልስ ያጣውን ከክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድሞ ማሟላት ይገባል። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን በር ላይ ከደረሰ በኋላ መለዋወጫ መፈለጊያ ጊዜ የለም።