ስሙ ከፊልም፣ ዋጋው ከእጀታው

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በአሜሪካ የሴንጢ ገበያ ግን ስም የሚያወጣው አምራቹ ነው። ብሌድ ራነርስ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ባለ ሁለት እጀታ ቢራቢሮ ሴንጢውን «ሬፕሊካንት» ብሎታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1982 በታየው «ብሌድ ራነር» ፊልም ውስጥ ያሉት ሰው ሠራሽ ፍጡራን መጠሪያ ነው።

ስሙ ገዢን ይጠራል፤ ዋጋ የሚያወጣው ግን ሥራው ነው። የቲታኒየም እጀታዎቹ እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ ቁራጭ ተፈልፍለዋል። ማጠፊያው በቡሺንግ ስለሚዞር ሲሽከረከር ወዲያና ወዲህ የመላወስ ችግሩ አነስተኛ ነው። አስመስለው የሚሠሩት ርካሾች ስሙንና መልኩን ይወስዳሉ፤ የሚከብዳቸው ይኸው ልክ ነው።

ለአስመጪው ሌላም ሒሳብ አለ። ብሪታንያ ቢራቢሮ ሴንጢ እንዳይገባና እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1988 አግዳለች። ስም ጉምሩክ አያሳልፍም፤ ከካታሎጉ በፊት ሕጉ ይነበብ።