ቋሚ ፋይልና ተለዋዋጭ ገጽ፦ ለምን በአንድ በር አይስተናገዱም?

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተፈታኞች ይጠባበቁ ነበር። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ያለ ተማሪ ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ድረ ገጽ ቢያመራ ሰርቨሩ ጭነቱን እንዲችል በምን መልክ ቢደራጅ ይበጃል? በዚህ ጽሑፍ አንዱን መፍትሔ እንመለከታለን።

ተማሪው ገጹን ሲከፍት ብራውዘሩ የሚልከው ጥያቄ አንድ ብቻ አይደለም። መለያ ቁጥሩን ተቀብሎ ውጤቱን ከመረጃ ቋት የሚያወጣው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለየ ገጽ ያዘጋጃል፤ ይህን ተለዋዋጭ ገጽ እንለዋለን። ዓርማው፣ ፎቶግራፎቹና የገጹን መልክ የሚወስኑት ፋይሎች ግን ለሁሉም አንድ ናቸው፤ እነዚህ ቋሚ ፋይሎች ይባላሉ። ነገሩን በሬጅስትራር እንመስለው። መዝገብ አገላብጦ የውጤት ማስረጃ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ባዶ ቅጽም እንዲያድል ቢታዘዝ ሰልፉ ይረዝማል፤ ቅጹን በር ላይ ሌላ ሰው ቢያድል ግን ባለሙያው ለዋናው ሥራው ነጻ ይሆናል።

ስሌቱን እንሞክር። ፕሮግራሙ በሴኮንድ 100 ጥያቄዎችን ያስተናግዳል፣ ገጹም 1 ተለዋዋጭና 9 ቋሚ ጥያቄዎች አሉት እንበል። ሁሉም በፕሮግራሙ በኩል ካለፉ በሴኮንድ የሚስተናገዱት 10 ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ዘጠኙ ወደ ሌላ ሰርቨር ቢመሩ ቁጥሩ ወደ 100 ከፍ ይላል። በተግባር ቋሚ ፋይል የሚጠይቀው ሥራ አነስተኛ በመሆኑ ትርፉ አሥር እጥፍ ላይሞላ ይችላል።

የመስመሩ ፍጥነትም ሌላ ምክንያት ነው። 500 ኪሎባይት የሆነ ፎቶግራፍ 4,000 ኪሎቢት ነው፤ በሴኮንድ 200 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ደካማ መስመር ለመድረስ 20 ሴኮንድ ይፈጃል። ላኪው ራሱ ፕሮግራሙ ከሆነ ከሠራተኞቹ አንዱ ያን ያህል ጊዜ ተይዞ ሊቆይ ይችላል። በአንጻሩ ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያቀረበው ኤንጂንኤክስ በሺህ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን በጥቂት ማኅደረ ትውስታ ጎን ለጎን ያስተናግዳል።

ከዚህም በላይ ብራውዘሩ ቋሚ ፋይሎችን በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ አስቀምጦ ደግሞ ይጠቀምባቸዋል። ስለዚህ የፋይሉ ይዘት ሲለወጥ ስሙም አብሮ ቢለወጥ ይመረጣል፤ አለዚያ ተጠቃሚው አሮጌውን ሲያይ ሊቆይ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እንጨምር። የቋሚ ፋይል ሰርቨር በተለምዶ ጠያቂው ማን እንደሆነ አይመረምርም። የተማሪን ውጤት በመለያ ቁጥሩ ሰይሞ እዚያ ማስቀመጥ፣ ቁጥር እየገመተ ለሚሞክር ሁሉ የሰውን ምስጢር ማደል ነው። ለሁሉም የሆነው በሰፊው በር፣ የአንድ ሰው የሆነው ግን ዘበኛ ባለበት በር ይውጣ።

አንባቢያን በየትምህርት ቤታቸው ድረ ገጽ ሲሠሩ አስቀድመው ይህን ልዩነት ቢለዩ፣ ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ብዙ ሰው ማስተናገድ ይችላሉ።