የቆዳ ካሮቲኖይድ መጠንና ሜታቦሊክ ሲንድረም፦ ምን ይመሰክራል? ምንስ አይመሰክርም?

(ለፋካልቲው ማኅበረሰብ በቃል ከቀረበ ገለጻ በጽሑፍ የተወሰደ)

በገለጻዬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ወደ ርእሴ የምገባው በአንድ የስልክ ጥሪ ነው። ታላቅ እህቴ የደም ግፊቷና የደም ስኳሯ ከፍ እያለ መምጣቱን ሐኪም ነግሯታል፤ ወገቧም ሰፍቷል። ውጭ አገር የምትኖረው ልጇ አንድ ቀን ጣቷን በብርሃን በሚለካ መሣሪያ ላይ አስቀምጣ «የቆዳሽ ካሮቲኖይድ ዝቅተኛ ነው፤ ይህ ደግሞ ከስኳርና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል» ተብላ ኖሮ፣ የቤታ ካሮቲን ክኒን ለራሷ ገዝታ ለእናቷም ላከችላት። እህቴ ደውላ «አንተ የዚህ ትምህርት ሰው አይደለህ? እስቲ ንገረኝ፣ ይህ ክኒን ስኳርን ይከላከላል የሚባለው እውነት ነው? እኔም እሱም ከጀመርን ወር አለፈን» አለችኝ። «እሱ» ያለችው ባለቤቷን ነው። እርሳቸው ደግሞ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰው ናቸው። ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። ልጅቱ የተነገራት ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ከእርሱ ተነሥታ የደረሰችበት ድምዳሜ ግን አደገኛ ነበር። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

የቀለሙ ምንጭና አለካኩ

ካሮቲኖይድ ዕፀዋት፣ ዋቅላሚና አንዳንድ ረቂቅ ሕዋሳት የሚሠሯቸው ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለሞች የወል ስም ነው። በተፈጥሮ ከ700 በላይ ዓይነቶች ተለይተዋል። በሰው ደም ውስጥ በብዛት የሚገኙት ግን ስድስት ያህል ናቸው፤ እነርሱም ቤታ ካሮቲን፣ አልፋ ካሮቲን፣ ቤታ ክሪፕቶዛንቲን፣ ላይኮፒን፣ ሉቲንና ዚያዛንቲን ናቸው። የካሮትና የዱባ ቢጫነት፣ የቲማቲምና የሐብሐብ ቅላት፣ የበርበሬም መልክ የሚመጣው ከዚህ ቤተሰብ ነው። ጎመንና ቆስጣም ሉቲንና ቤታ ካሮቲን በብዛት አላቸው፤ ቢጫው ቀለም የማይታየን በአረንጓዴው ክሎሮፊል ስለሚሸፈን ብቻ ነው።

የሰው አካል ካሮቲኖይድን ራሱ መሥራት አይችልም። በቆዳችን ውስጥ ያለው ሁሉ በአፋችን የገባ ነው። እነዚህ ቀለሞች የሚሟሙት በቅባት ስለሆነ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፉት ከምግቡ ስብ ጋር ነው። በደም ውስጥም ኮሌስትሮልንና ሌሎች ቅባቶችን በሚያመላልሱት ሊፖፕሮቲኖች ላይ ተጭነው ወደ ጉበት፣ ወደ ስብ ሕብረ ሕዋስና ወደ ቆዳ ይደርሳሉ።

ካሮቲኖይዶች ሰማያዊ ብርሃንን ይመጥጣሉ፤ የመለኪያ መሣሪያዎቹ መሠረትም ይህ ነው። በአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ የዳበረው የሬዞናንስ ራማን ዘዴ ሰማያዊ ሌዘር ወደ መዳፍ ይልክና ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን ይመረምራል። ሌላው ዘዴ ጣትን ጫን አድርጎ ደሙን ለጊዜው ያሸሽና ከተላከው ብርሃን ውስጥ ምን ያህሉ ሰማያዊ ተንጸባርቆ እንደተመለሰ ይለካል። መዳፍና የጣት ጫፍ የተመረጡት ውጨኛው የቆዳ ንብርብር በዚያ ወፍራም፣ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ደግሞ አነስተኛ ስለሆነ ነው። መርፌ የለም፤ ደም አይቀዳም። የሚገኘውም ቁጥር የትናንቱን እራት ሳይሆን ያለፉትን ሳምንታት አመጋገብ ያንጸባርቃል።

ሜታቦሊክ ሲንድረም ምንድን ነው?

ጄራልድ ሪቨን በ1988 በሰጡት ታዋቂ ሌክቸር፣ ኢንሱሊን በአካል ላይ በሚገባው መጠን አለመሥራቱ የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርንና የደም ቅባት መዛባትን በአንድነት የሚያስተሳስር ክር መሆኑን አስረዱ፤ ስሙንም «ሲንድረም ኤክስ» አሉት። በ2009 በርካታ ዓለም አቀፍ ማኅበራት በተስማሙበት ትርጉም መሠረት ከሚከተሉት አምስት ነገሮች ሦስቱ የተገኙበት ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል፦ የወገብ ዙሪያ መስፋት፤ 150 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ትራይግሊሰራይድ፤ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች የሆነ ኤች ዲ ኤል ኮሌስትሮል፤ 130 በ85ና ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት፤ 100ና ከዚያ በላይ የሆነ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር። ለእነዚህ መድኃኒት የጀመረ ሰውም እንዳለበት ይቆጠራል። ሲንድረሙ ያለበት ሰው ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምና ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ከፍተኛ ነው።

የታየው ተዛምዶ

በዩታ ጎልማሶች ላይ ተሠርቶ በ2014 በታተመ ጥናት፣ የቆዳ ካሮቲኖይዳቸው ዝቅተኛ በሆነ ሰዎች ዘንድ ሜታቦሊክ ሲንድረም በይበልጥ ታይቷል። በጃፓን የሂሮሳኪ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ በአኦሞሪ ክፍለ ግዛት፣ በኢዋኪ፣ የነዋሪዎችን ጤና በየዓመቱ ይመረምራል። አኦሞሪ በአገሪቱ አማካይ የሕይወት ዘመን እጅግ አጭር ከሆነባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ከዚያ የተገኘውና በ2020 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ የቆዳ ካሮቲኖይድ ከፍ ባለ መጠን የሰውነት ክብደት መለኪያው፣ የደም ግፊቱ፣ ትራይግሊሰራይዱና ኢንሱሊንን የመቋቋም ደረጃው ዝቅ ይላል፤ ኤች ዲ ኤል ኮሌስትሮሉ ደግሞ ከፍ ይላል። መንደሪን በብዛት በሚመረትባት የጃፓኗ ሚካቢም በደም ውስጥ ያለውን ካሮቲኖይድ ለክተው ነዋሪዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ በመነሻው ቤታ ካሮቲናቸው ከፍተኛ የነበሩት በኋላ በሲንድረሙ የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ እንደነበር ዘግበዋል።

እንግዲህ ተዛምዶው አለ፤ በተለያዩ አገሮችና በተለያዩ መለኪያዎችም ታይቷል። ጥያቄው «ለምን?» የሚለው ነው። ቢያንስ አራት መልሶች አሉ።

አንደኛው፣ ካሮቲኖይዱ የአጠቃላይ አመጋገብ ምልክት ሊሆን ይችላል። አትክልት አዘውትሮ የሚበላ ሰው ከካሮቲኖይዱ ጋር አሰር፣ ፖታሲየምና ሌሎች ብዙ ንጥረ ነገሮችን ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ሲጋራ አያጨስም፣ ይንቀሳቀሳል፣ ጣፋጭ መጠጥ አያበዛም። ሁለተኛው፣ የምክንያቱ አቅጣጫ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ካሮቲኖይድ በስብ የሚሟሟ እንደመሆኑ መጠን ሰውነት በወፈረ ቁጥር ወደ ስብ ሕብረ ሕዋሱ ገብቶ በደምና በቆዳ ላይ የሚታየው ይቀንሳል። ሁለት ሰዎች እኩል ጎመን በልተው ወፍራሙ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ሦስተኛው፣ ሲንድረሙ ራሱ ካሮቲኖይዱን ይፈጅ ይሆናል። በሲንድረሙ ውስጥ የኦክሲዴሽን ጫናና ሥር የሰደደ ብግነት አለ፤ ካሮቲኖይዶችም ይህን ጫና ሲመክቱ ይሰባበራሉ። አራተኛው፣ ካሮቲኖይዱ ራሱ በእርግጥ ይጠብቅ ይሆናል። ክኒን ሻጩ የሚነግረን ይህን አራተኛውን ብቻ ነው።

ሙከራው የሰጠው መልስ

አራተኛውን መልስ ከሌሎቹ የሚለየው ሰዎችን በዕጣ ደልድሎ ለግማሾቹ እውነተኛውን፣ ለሌሎቹ ደግሞ አምሳያውን ክኒን ሰጥቶ መከታተል ነው። ይህ ተደርጓል። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበትና በ1994 በታተመው ሙከራ፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ነው። በአሜሪካ አጫሾች፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎችና ለአስቤስቶስ የተጋለጡ ሠራተኞች፣ ከ18,000 በላይ ሆነው የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር ሰጠ፤ የሳንባ ካንሰር በ28 በመቶ፣ ሞት በ17 በመቶ በልጦ ስለታየ በ1996 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ስለ እህቴ ባለቤት ስሰማ የደነገጥሁት ስለዚህ ነው።

ስለ ስኳር ሕመምስ? ከ22,000 በላይ አሜሪካውያን ሐኪሞች ለ12 ዓመታት ያህል ቤታ ካሮቲን ወይም አምሳያውን ወስደዋል። በ1999 የታተመው ትንተና በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም መያዝ ላይ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አላገኘም። በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ መጡ። ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ በሚቀይረው ኤንዛይም ዘረ መል አካባቢ ባለ ልዩነት የተነሣ አንዳንድ ሰዎች ከውልደታቸው ጀምሮ በደማቸው ያለው ቤታ ካሮቲን ከፍ ያለ ነው። ቀለሙ ራሱ ጠባቂ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች በስኳር ሕመም በትንሹ ሊጠቁ ይገባ ነበር። እንዲህ ያለ ጥበቃ አልታየም።

ከታሪክም አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ሐኪሞች የአንዳንድ የስኳር ሕሙማን መዳፍና እግር ቢጫ መሆኑን አስተውለው ለዚህ የተለየ የሕመም ስም ሰጥተውት ነበር። በዚያ ዘመን ለስኳር ሕሙማን እህልና ጣፋጭ ተከልክሎ አረንጓዴ አትክልት በብዛት ይታዘዝ እንደነበር ስናስታውስ ነገሩ ይገባናል። የመዳፋቸው ቀለም በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ሰሃናቸው ነበር። ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ይህን ሁሉ ስል መለኪያውን ለማጣጣል አይደለም። የአመጋገብ ጥናት የሠራ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል፤ «ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ አትክልት በሉ?» ሲባል ሰው ይረሳል፣ አንዳንዴም ጠያቂውን ላለማሳፈር ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ቆዳ ይህን አያደርግም። በትምህርት ቤት ምገባ ወይም በጓሮ አትክልት ፕሮግራም የእውነት ለውጥ መጥቶ እንደሆነ ለማየት ጥሩ መሣሪያ ነው።

ነገር ግን ወደ አገራችን ለማምጣት የምታስቡ ተማሪዎች ሁለት ነገር አትርሱ። ሜላኒንም ሰማያዊ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ስለዚህ በሌላ ሕዝብ ላይ የተወሰነ «ዝቅተኛ» የሚል መስመር ሳይፈተሽ በእኛ ቆዳ ላይ ሊሠራበት አይገባም። አንድን ሰው ከራሱ የቀድሞ ልክ ጋር ማነጻጸር ከሌላ ሰው ጋር ከማነጻጸር ይሻላል። ሁለተኛ፣ ለወገብ ዙሪያም ከሰሃራ በታች ላሉ ሕዝቦች ለጊዜው የተወሰደው የአውሮፓውያን መስፈርት ነው። በሁለት ያልተረጋገጡ መስመሮች መካከል የተገኘ ተዛምዶ በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

በመመረቂያ ጽሑፎቻችሁ ላይም አንዲት ግሥ እለምናችኋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ ያገኛችሁትን «ተያይዞ ታይቷል» በሉት እንጂ «ይከላከላል» አትበሉት። ያቺ ግሥ ከመደምደሚያችሁ ወጥታ ወደ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያውም ወደ አንድ ቤተሰብ የመድኃኒት ሣጥን ትደርሳለች።

ለሕፃናት በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብል ከዚህ ጋር እንዳይምታታባችሁ አደራ። እርሱ እጥረትን ለመከላከል በተወሰነ መጠን የሚሰጥ ነው፤ ማንም በእኔ ቃል ተነሥቶ ልጁን እንዳያስቀር።

ምግቡን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት ይመክራል። በ2015 በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ ቅኝት ግን እጅግ አብዛኛው ጎልማሳ ከዚህ በታች እንደሚመገብ አሳይቷል። የአበሳሰል ባህላችን ግን ያግዘናል፤ ጎመንና ካሮት ተከትፎ በሙቀት ሲበስል የሕዋሱ ግድግዳ ይላላል፣ በጥቂት ዘይት ሲቁላላ ደግሞ ቀለሙ ወደ ደም የሚያልፍበትን ቅባት ያገኛል። ጥቂት ዘይት ይበቃል፤ ወገብ ለማሳነስ የሚበላ ጎመን በዘይት መዋኘት የለበትም።

ለእህቴ የመለስሁላት ይህንኑ ነው። ባለቤቷ ክኒኑን በዚያው ዕለት እንዲያቆሙ፣ ሲጋራውንም ለማቆም ሐኪም እንዲያማክሩ፤ እርሷም የታዘዘላትን የግፊት መድኃኒት ሳታቋርጥ በየቀኑ እንድትራመድና ምግቧን እንድታስተካክል ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ክኒኑ ከመጣ ወዲህ እኮ ጎመን መግዛት ትቼ ነበር፤ እርሱ ይተካዋል ብዬ» አለችኝ።

የዛሬውን ገለጻ ያዘጋጀሁት ያን ዓረፍተ ነገር ከሰማሁ በኋላ ነው።